በዘንገና ሐይቅ ዳር ያረፈው ማን ነበር?

 ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም፤ ስለ ውሻ ነውና። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ስለ እረፍትና ስለ ትዳር ጌታ ካስተማረኝ ትምህርቶች አንዱን ያገኘሁት ውኃ በሚወድ ውሻ ምክንያት ነው።

ቦቢ

ቦቢን ልጆቻችን ያመጡት ገና ቡችላ ሳለ ነበር። እናቱ የሰፈራችን ውሻ ናት፤ አባቱ ግን ላብራዶር የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ መሆኑን የሰጡን ሰዎች ነገሩን። የላብራዶር የጥንት አባቶች በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለችው በኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ሲሠሩ የኖሩ ውሾች ናቸው። በጣቶቻቸው መካከል ያለው ቆዳ ለመዋኘት ይረዳቸዋል፤ ፀጉራቸውም ውኃ ቶሎ አያስገባም።

ይህ ደም በቦቢ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ምርምር አላስፈለገንም። ዝናብ ሲጥል ሌሎች ውሾች ጣሪያ ሥር ይጠለላሉ፤ እርሱ ወደ ግቢው መካከል ይወጣል። ልብስ ላጥብ ብዬ ሳፋውን በውኃ ሞልቼ ለአንድ ደቂቃ ዞር ካልሁ፣ ስመለስ የማገኘው ሳፋው ውስጥ ተቀምጦ ነው። የምንኖረው በባሕር ዳር ስለሆነ ባለቤቴ አልፎ አልፎ ወደ ጣና ዳርቻ ይወስደው ነበር። ቦቢም ውኃው ገና ከሩቅ ሲሸተው ገመዱን እየጎተተ ያስሮጠዋል። ልጆቹ አብረውት እንዳይገቡ ግን እንከለክላለን፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለና።

እረፍት የማያውቅ ቤት

የአገልጋይ ቤት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ምክር፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ ቅዳሜ ሠርግ ወይም ለቅሶ፣ እሑድ አምልኮ። ስልኩ እኩለ ሌሊት ላይም ይጮኻል። ባለቤቴ ለሌሎች ባልና ሚስቶች "እርስ በርሳችሁ ጊዜ ስጡ" ብሎ ሲመክር እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ በልቤ ግን "ለእኛስ ማን ይምከረን?" እላለሁ።

በጥር 2011 ዓ.ም. ልጆቹ የግማሽ ዓመቱን ፈተና ጨርሰው እረፍት ላይ ሳሉ፣ ባለቤቴ "ለሦስት ቀን ወደ አገሬ እንሂድ" አለኝ። እርሱ የተወለደው በአዊ ዞን በዳንግላ ነው። እናቱ ዛሬም እዚያው ናቸው። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ደግሞ እንጅባራ ይገኛል። በእንጅባራ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ አለ። አንድ ወንድም መኪናውን አዋሰን። ደስ አለኝ፤ ዳቦ ደፋሁ፤ የልጆቹን ሹራብ አወጣሁ።

በዋዜማው ትንሿ ልጄ እየዘለለች መጥታ "እማ፣ ቦቢም ሐይቁ ውስጥ ሊዋኝ ነው!" አለችኝ። ባለቤቴ ውሻው አብሮን እንደሚሄድ ለልጆቹ ቃል ገብቶላቸዋል፤ እኔን ግን አልጠየቀኝም። መኪናው የሰው ነው፤ ፀጉሩ ይበተናል። አማቴ ደግሞ ውሻ ቤት ሲገባ የማይወዱ ወግ አጥባቂ እናት ናቸው። ልጃቸው ወንጌላዊ አማኝ በመሆኑ ብዙ ዘመን አዝነውብናል፤ በስንት ጸሎት የታረቀ ግንኙነት ነው። ይህን ሁሉ አሰብሁ፤ ነገር ግን አንድም ቃል አልተናገርሁም። "ይሁን" ብዬ ዝም አልሁ። እህቶቼ፣ ዝምታ ሁሉ መስማማት አይደለም። የእኔ ዝምታ ቂም ነበር።

አማኝና ውሻ

"መጋቢ ውሻ ይዞ ሽርሽር ወጣ" ብለው ፈገግ ያሉ ቅዱሳንም አልጠፉም። ጥያቄያቸው መልስ የሚገባው ይመስለኛል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውሻ ብዙ ጊዜ በመልካም አይነሣም። ምሳሌ 26፥11 የሰነፍን ሰው ነገር የሚያመሳስለው ወደ ትፋቱ ከሚመለስ ውሻ ጋር ነው። ፊልጵስዩስ 3፥2 ላይም ሐዋርያው ምዕመናንን ከውሾች ያስጠነቅቃል። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያየው ባለቤት አጥቶ በየመንገዱ የሚዞረውን ውሻ ነበርና ይህ አያስደንቅም።

ነገር ግን በኢዮብ 30፥1 መንጋ የሚጠብቁ ውሾች ተጠቅሰዋል። በኢሳይያስ 56፥10 ነቢዩ የተኙትን ጉበኞች የሚነቅፋቸው መጮኽ እንዳቃታቸው ውሾች አድርጎ ነው። እንግዲህ በጊዜው የሚጮኽ ውሻ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። በምሳሌ 12፥10 የጻድቅ ሰው አንዱ ምልክት ለእንስሳው ሕይወት መጠንቀቁ ነው። በዘጸአት 23፥12 ደግሞ የሰንበት ዕረፍት ለሰው ብቻ አልተሰጠም፤ በሬውና አህያውም እንዲያርፉ ታዝዟል። ከዚህ ሁሉ እኔ የተረዳሁት ውሻ ከሰው እኩል አለመሆኑን፣ ፍጥረት እንጂ ዕቃም አለመሆኑን ነው። ጌታ በእጃችን አደራ ሰጥቶናል።

በመንገድ ላይ

ከዳንግላ በኋላ ያለው መንገድ ለዓይን ይጥማል። በአዲስ ቅዳም በኩል ስታልፉ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው የግራር ዛፍ በቀኝም በግራም እንደ ግድግዳ ቆሞ ታያላችሁ። በየሜዳው ፈረስ አለ። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በጥር እንኳ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ቦቢ አፍንጫውን በመስኮቱ አውጥቶ ሁሉን ያሸታል። ልጆቹ ይስቃሉ። ባለቤቴ አብሯቸው ይዘምራል። እኔ ከፊት ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ።

የዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወደ ከሳ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዛችሁ ይገኛል። ዙሪያውን ዛፍ የከበበው፣ ጦጣ የሚዘልበት፣ ክብ የሆነ ውብ ሐይቅ ነው። ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ማዶው ቅርብ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኛም የጣናን ስፋት የለመድን ሰዎች ነንና "ይህች ትንሽ ናት" ብለን ናቅናት።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ጣና በአገራችን በስፋት አንደኛ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዘንገና ግን በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ስለሆነ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ከጣና ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳርቻው ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ እንደ ጽዋ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ እርምጃ ጉልበት ድረስ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ እርምጃ ግን መሬት ላያገኝ ይችላል።

ያ ቅጽበት

ቦቢ ከመኪናው እንደወረደ ወደ ውኃው በረረ። ገመድ አላሰርንለትም። ሲዋኝ ማየት እውነትም ደስ ይል ነበር፤ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ውኃውን ሁለት እየከፈለ ይሄዳል። መዝሙር 104 ላይ በባሕር ውስጥ እንዲጫወት እግዚአብሔር ስለፈጠረው ፍጥረት የተጻፈው ትዝ አለኝ። ወዲያው ግን ኩርፊያዬ ተመለሰና ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ የምሳውን ዕቃ ማውጣት ጀመርሁ። በልቤ የምለው "ውሻ ያመጣ ሰው ውሻውን ይጠብቅ" ነበር።

ባለቤቴስ? ስልክ ተደውሎለት ከዛፍ ሥር ቆሞ ስለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ይነጋገራል።

ቦቢ የውኃ ወፎች አይቶ ወደ መሐል ራቀ። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቱ የነበረው ልጃችን ተጣራ፤ ውሻው አልሰማም። "ደክሞት ሊሰጥም ነው" ብሎ ፈራ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ልጃችን ዋና አይችልም። የሴት ልጄን ጩኸት ሰምቼ ስዞር ያየሁት ከደረቱ በላይ ብቻ ነው፤ እግሩ ተንሸራትቶ መቆሚያ ፍለጋ ይንፈራገጣል።

በዚያ አካባቢ ፈረሳቸውን ሣር የሚያግጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። በአገውኛ እየተጣሩ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ቀድመው ደረሱ። ረጅሙን ዱላቸውን ዘረጉለት፤ ልጁ ጨበጠው። ባለቤቴም ስልኩን ጥሎ ሮጠና አዛውንቱን ከኋላ ያዛቸው። ሁለቱ ጎትተው አወጡት። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" ከማለት በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም።

ቦቢስ? በሐይቁ ዞር ብሎ፣ በሌላ በኩል በራሱ ወጥቶ፣ ውኃውን አራግፎ ጅራቱን እየቆላ መጣ።

አዛውንቱ ልጃችንን በጋቢያቸው ጠቅልለው ካስቀመጡት በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞረው በአማርኛ "አንተ ልጅ፣ ውሻውስ መዋኘት ያውቃል። ልጁን የሚጠብቅ ማን ነበር?" አሉት። ለባለቤቴ የተናገሩት ቃል እኔንም ወጋኝ።

የአማቴ ቃል

ወደ ዳንግላ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም። አማቴ በእርሳቸው ዘንድ የበዓል ቀን ስለነበር ቤቱን ጎዝጉዘው፣ ቡና አቅርበው ጠበቁን። ቦቢን ጓሮ አሰርነው፤ ቤታቸው ነውና ፈቃዳቸውን አከበርን። ልጄ የሆነውን ሁሉ ለአያቱ ዘርዝሮ ነገራቸው። ውሻውን የሚረግሙ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ልጁን አቅፈው ሳሙት፤ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ ሁለተኛውን ቡና ቀዱና እንዲህ አሉን።

"ለሦስት ቀን መጣን አላችሁኝ፤ አንዱ አለፈ። እኔ ግን ልጄን እስካሁን አላየሁትም፤ ጆሮውን ስልክ ይዞታል። አንቺም ልጄ፣ እዚህ ተቀምጠሻል እንጂ ፊትሽን አላየሁትም። ታዲያ የመጣው ማነው? ውሻው ብቻ ነው እንዴ?"

ልጆቹ ሳቁ። እኔና ባለቤቴ ግን ተያየን። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ሰንበት ትርጉም ጽሑፍ ያቀረብሁ ሴት ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን አስተማሪዬ ፊደል ያልቆጠሩት አማቴ ሆኑ። እውነታቸውን ነው። በዘንገና ሐይቅ ዳር በእውነት ያረፈው ቦቢ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ሰውነቱን ወደ እረፍት አምጥቶ ልቡን ቢሮ ትቶታል። እኔም ሰውነቴን አምጥቼ ልቤን ከኩርፊያ ጋር ቤት ቆልፌበታለሁ። ሁለታችንም እዚያ አልነበርንም፤ ልጃችን ወደ ጥልቁ የገባው በእኛ አለመኖር መካከል ነው።

በዚያ ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥተን በብርዱ ቆምን። ባለቤቴ ቀድሞ "ሳልጠይቅሽ ወሰንሁ፤ እንዳትከለክዪኝ ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ" አለኝ። እኔም "ባትጠይቀኝም መናገር እችል ነበር። በዝምታዬ ስቀጣህ ዋልሁ፤ ይቅር በለኝ" አልሁት። አብረን ጸለይን፤ አብረን አለቀስን። ቦቢ በገመዱ ልክ ተጠግቶ እግራችን ላይ ተኛ።

ሁለተኛው ቀን

በማግስቱ ወደ ሐይቁ ተመለስን፤ አማቴንም ይዘናቸው ሄድን። ባለቤቴ ለሽማግሌዎቹ ደውሎ "እስከ ነገ ማታ አልገኝም" አለና ስልኩን ዘግቶ እናቱ ቤት ተወው። ከዳንግላ ገበያ ረጅም ገመድ ገዛን፤ ከአማቴ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ተዋስን። ቦቢን በገመድ አስረን ዳር ዳር ብቻ አስዋኘነው። ባለቤቴ ገመዱን ያዘ፤ እኔ ልጆቹን ያዝሁ። ሥራው ይህ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሻ ሲዋኝ እያየን ተቀመጥን። እንዲህ ያለ እረፍት ከሠርጋችን ወዲህ ማድረጋችንን አላስታውስም። ውሻ እጃቸው ነክቶ የማያውቀው አማቴ እንኳ በኋላ ላይ እንጨት ወርውረው ሲያመጣላቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ሦስተኛው ቀን ጥር 23 ነበር። በየዓመቱ በዚህ ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ በዓላቸውን ያከብራሉ። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብ ነው። ልጆቹ ቦቢን ይዘን እንሂድ ብለው ለመኑ። በዚህ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ዞር ብለን ተማከርን፤ በአንድ ቃልም "አይሆንም" አልናቸው። በዚያ ሁሉ ፈረስና ሕዝብ መካከል ውሻ ይደነግጣል፤ ፈረስም ይደነብራል። ቦቢ ከአማቴ ጓሮ ዋለ። እንስሳን መውደድ አንዳንድ ጊዜ ቤት መተውንም ይጨምራል።

ከእኛ ስሕተት ተማሩ

ውሻ ይዛችሁ ወደ ገጠር ወይም ወደ ሐይቅ የምትሄዱ ቤተሰቦች ብትኖሩ እነዚህን ነጥቦች ልብ በሉ።

1ኛ. አስቀድማችሁ አስከትቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ከሆነም ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢሆን መልካም ነው። ይህ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለዱር አራዊትም ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ ይኸው በሽታ በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ ከሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ብዙዎቹን ገድሏል።

2ኛ. ውሻ ሰውን ቢነክስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" አትበሉ።

3ኛ. ስለ ውኃው የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ጥልቀቱን፣ ዳርቻውን፣ ሰው ለመጠጥ የሚቀዳበትን ስፍራ እወቁ። ሕዝቡ በሚቀዳበት ቦታ ውሻ ማስገባት በደል ነው፤ ምስክርነታችንንም ያበላሻል።

4ኛ. ረጅም ገመድ አትርሱ። ውሻው ቢቸገር እንኳ ሰው ተከትሎት አይግባ። የተጨነቀ ውሻ በዋናተኛ ላይ ወጥቶ ሊያሰጥመው ይችላል። ብዙ ጊዜም ውሻው በራሱ ይወጣል፤ የሚቀረው ሰውዬው ነው። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ በአጠገባችሁ አስቀምጡ። ለወደቀ ሰው ብትወረውሩለት ይዞት ይንሳፈፋል።

5ኛ. ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። ስለዚህ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ አትተዉት። ንጹሕ መጠጥ ውኃ ያዙለት፤ ከዋና በኋላም ጆሮውን በደረቅ ጨርቅ አድርቁለት፤ እርጥበት ከቆየበት ጆሮው ይታመማል።

6ኛ. የምታርፉበትን ቤት ሥርዓት አክብሩ። ወላጆቻችሁ ውሻ ቤት እንዲገባ ካልወደዱ በውሻ ምክንያት የወላጅን ልብ አታሳዝኑ።

7ኛ. ከሁሉ በፊት ባልና ሚስት ተማከሩ። "ውሻ ነው፤ ምን ያማክራል?" አትበሉ። ዘንገናም ከላይ ሲያዩዋት ትንሽ ናት።

ዛሬ

ከዚያ ጥር ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። "በየዓመቱ እንመጣለን" ብለን ለአማቴ ቃል ገብተን ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ያዘን። ከዚያም "ለከርሞ፣ ለከርሞ" ስንል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችንን ያገኘው ግጭት ያንን የሁለት ሰዓት መንገድ እንደ ቀድሞው አልተወውም። መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ ሥራ የያዘን ሰዎች፣ ጊዜ ባገኘን ጊዜ መንገዱ ያዘን። ስለ ምድራችን ሰላም ስንጸልይ እኔ በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ያንን ሐይቅና ዱላቸውን የዘረጉትን አዛውንት ነው። ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ተለያየን። በሕይወት ካሉ ጌታ ዘመናቸውን ይባርክ።

ቦቢ አርጅቷል። አፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ ሳፋ ውስጥ መግባትም ትቷል። ዝናብ ሲጥል ግን አሁንም በዝግታ ተነሥቶ ወደ ግቢው መካከል ይወጣል። ባለቤቴም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በረንዳው ላይ ከጎኔ ይቀመጣል። ወደ ዘንገና መሄድ ባንችልም ያን ሁለተኛ ቀን እንዲህ አድርገን እናስታውሰዋለን።

በማርቆስ 6፥31 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ብቻቸው ስፍራ ሲጠራቸው አገልግሎቱ አልቆ አልነበረም። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ስለበዛ ምግብ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና ነው የጠራቸው። እንግዲህ ሥራ ሲያልቅ እናርፋለን የምንል ሁላችን የጌታን ጥሪ ገና አልሰማንም ማለት ነው። ሐይቅ ባይኖር በረንዳ አለ፤ ሦስት ቀን ባይገኝ አንድ ከሰዓት በኋላ አለ። ወዴትም ብትሄዱ ግን ሁለታችሁም በሙሉ ልባችሁ ሂዱ።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ለመጨረሻ ጊዜ ሁለታችሁም በልባችሁ ጭምር አብራችሁ ያረፋችሁት መቼ ነበር?

ለ. የትዳር ጓደኛችሁን ሳትጠይቁ የወሰናችሁት "ትንሽ" ነገር አለን? ወይስ ሳትናገሩ በዝምታ የያዛችሁት?

ሐ. "ለከርሞ" ያላችሁት፣ ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ምንድን ነው?

እስከሚቀጥለው እትም የሰላም አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ለምድራችንም ሰላምን ይስጥ። አሜን።